ውሎን መጻፍ፤ ራስን ለማወቅ የሚረዳ የዘወትር ልምድ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ይህ አባባል ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ውል፣ ስለ ርስትና ስለ ታሪክ ነው። ሁለት ሰዎች ያደረጉት ስምምነት በምስክሮች ፊት ካልተጻፈ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ እያንዳንዱ ለራሱ በሚስማማው መንገድ ያስታውሰዋል፤ ሁለቱም እውነት የተናገሩ ይመስላቸዋል። እኛ ግን በዚህ ትምህርት አባባሉን ወደ ገዛ ልባችን ልንመልሰው እንወዳለን። ከነገር ሁሉ ፈጥኖ የሚረሳው የልባችን ውሎ ነውና። ከሦስት ሳምንት በፊት በዕለተ ማክሰኞ ምን እንዳስቈጣን፣ ማን እንዳጽናናን፣ ለማን ምን ቃል እንደ ሰጠን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን መልስ የለንም። የቁጣው ምክንያት ተረስቷል፤ ቁጣው ግን በውስጣችን ቀርቷል። ያልተጻፈ ውል ባለጉዳዮቹ እንደሚወዱት እንደሚተረጐም ሁሉ፣ ያልተጻፈ ውሎም ልባችን እንደሚወደው ይተረጐማል።

ስለዚህ በዚህ ትምህርት በየማታው ጥቂት መስመሮችን ለራስ የመጻፍን ልምድ እንመለከታለን። ይህ ልምድ ለደራስያን ወይም ብዙ ለተማሩ ሰዎች ብቻ የተተወ አይደለም፤ ዓላማውም ያማረ ጽሑፍ ማውጣት ሳይሆን ራስን በእውነት ማየት ነው። በመጀመሪያ ራስን ማወቅ ስለምን እንደሚያስቸግር፣ ቀጥሎ ከእኛ በፊት የጻፉ ሰዎች ምን እንዳገኙ፣ በመጨረሻም እንዴት መጀመርና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባን እናያለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

1. ራስን ማወቅ ስለምን ያስቸግራል?

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት የሴቶችን ማጀት የሚመለከት ቢመስልም የሚናገረው ስለ ሁላችንም ነው። የጎረቤታችንን ጕድለት ለማየት መብራት አያስፈልገንም፤ በጨለማም ይታየናል። የራሳችን ወጥ ማረሩን የምናውቀው ግን ብዙውን ጊዜ ሽታው ሌሎችን ካስቸገረ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ብዙ በጎ ነገር ይጠብቃል፤ ሽማግሌን ያስከብራል፣ ምላስን ይገታል፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር ያኖራል። ነገር ግን ዘመኑን ሁሉ «ሰው ምን ይለኛል» እያለ የኖረ ሰው፣ በመጨረሻ ብቻውን ሲሆንም በሰው ፊት እንደ ቆመ ሆኖ ያስባል። ሐዘን ወይም በደል ሲደርስብንም «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንዘጋዋለን። ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም፤ ያልፈጀውን በሌላ ቀን፣ ምንም ባልበደለን ሰው ላይ ያወጣዋል። ቋንቋችንም በሰምና ወርቅ የበለጸገ በመሆኑ ልባችንን ሳንገልጥ መናገርን እናውቅበታለን። ይህ ለቅኔ ጌጥ ነው፤ ከራስ ጋር ለሚደረግ ንግግር ግን ወርቁ ያለ ሰሙ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። በ1970ዎቹ በነበረው የቀይ ሽብር ዘመን በፍተሻ የተገኘ አንድ ወረቀት ለእስራት ሊያበቃ ይችል ስለ ነበር፣ በየቤቱ ደብዳቤና መጽሐፍ ተቃጥሏል። በዚያ ዘመን ያደጉ ሰዎች ዛሬም የልባቸውን በወረቀት ላይ ለማስፈር ቢያመነቱ አይፈረድባቸውም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ጌታችን ስለ ጠፋው ልጅ ሲያስተምር፣ ልጁ ወደ አባቱ ቤት ከመመለሱ አስቀድሞ ወደ ገዛ ልቡ እንደ ተመለሰ ያመለክተናል። በእሪያዎቹ መካከል ተቀምጦ ያለበትን ሁኔታና ትቶት የመጣውን ቤት አስተያየ፤ ለራሱም እውነቱን ተናገረ። እግሩ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ሌላው ሰውም ሆነ ወደ እግዚአብሔር የሚወስደው መንገድ በዚህ በር በኩል ያልፋልና፣ ራስን ማወቅ የትዕቢት ወይም የሥራ ፈትነት ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

2. ከእኛ በፊት የጻፉ

ቅዱስ አውግስጢኖስ ከ397 እስከ 400 ባሉት ዓመታት ገደማ «ኑዛዜ» የተባለውን ባለ 13 ክፍል መጽሐፉን ጻፈ። መጽሐፉ ዕለታዊ ማስታወሻ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። አውግስጢኖስ በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ክፍሎች ያለፈ ሕይወቱን ከተረከ በኋላ በዚያ አላቆመም፤ በ10ኛው ክፍል አሁን ማን እንደ ሆነ፣ ጳጳስ ከሆነም በኋላ ምን ምን ፈተና እንደሚታገለው በግልጽ ይናገራል። ያለፈውን ኃጢአት መናገር ይቀላል፤ የዛሬውን መናገር ግን ይከብዳል። የማታው ደብተር የሚጠይቀን የዛሬውን ነው።

ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ወታደር ሳለ በ1521 በፓምፕሎና ጦርነት እግሩን በመድፍ ተመታ። በሎዮላ በሚገኘው የቤተሰቡ ቤት ለወራት ተኝቶ ሳለ፣ በቤቱ የተገኙት መጻሕፍት የክርስቶስ ሕይወትና የቅዱሳን ገድል ብቻ ስለ ነበሩ እነርሱን አነበበ። ካነበበውም መርጦ ወደ ሦስት መቶ ገጽ በሚጠጋ ደብተር ገለበጠ፤ የጌታን ቃል በቀይ ቀለም፣ የእመቤታችንን ቃል በሰማያዊ ጻፈ። በዚያው ጊዜ ስለ ልቡ አንድ ነገር አስተዋለ። የጀግንነትና የክብር ሕልም ሲያልም በሰዓቱ ደስ ይለዋል፤ በኋላ ግን ልቡ ደርቆና ባዶ ሆኖ ይቀራል። ቅዱሳንን ስለ መምሰል ሲያስብ ግን ደስታው ከሐሳቡም በኋላ አብሮት ይቈያል። ከዚህ ትንሽ ማስተዋል ትልቅ ነገር ወጣ። በ1522 በማንሬሳ ሳለ በራሱ ላይ ያየውንና የጠቀመውን እየጻፈ ማከማቸት ጀመረ፤ ያ ማስታወሻ በ1548 በር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 3ኛ የጸደቀው «መንፈሳዊ ልምምድ» መጽሐፍ መሠረት ሆነ። በኋላም የማኅበሩ አለቃ ሆኖ ስለ ድኅነት ሕግ ሲወስን በየዕለቱ የጻፈው ማስታወሻ፣ ከ1544 እስከ 1545 ያለው የአንድ ዓመት ያህል ክፍል እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል።

ቅዱስ ዮሐንስ 23ኛ፣ በቀድሞ ስማቸው አንጄሎ ሮንካሊ፣ በጣሊያን ሀገር ከገበሬ ቤተሰብ በ1881 ተወለዱ። በቤርጋሞ ዘርአ ክህነት ሳሉ በ1895 መንፈሳዊ ማስታወሻ መጻፍ ጀመሩ፤ በልዩ ልዩ መልክም እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ቀጠሉበት። እርሳቸው በ1963 ካረፉ በኋላ ደብተሮቹ በ1964 «የነፍስ ማስታወሻ» በሚል ርእስ ታትመዋል። መጽሐፉን ያነበበ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው በሕግና በውሳኔ የተሞላ የወጣት ደብተር ነው፤ ተመሳሳይ ጕድለት፣ ተመሳሳይ ውሳኔ፣ እንደገና ያው ጕድለት። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን፣ በ1903 መጀመሪያ በሮም ተማሪ ሳሉ፣ አንድ ስሕተታቸውን አወቁ። እስከዚያ ድረስ ቅድስና ማለት የአንድን ቅዱስ እያንዳንዱን ድርጊት መቅዳት ይመስላቸው ነበር፤ ሥዕል ገልባጭ የታላቁን ሠዓሊ ሥራ እንደሚገለብጥ እርሳቸውም የቅዱስ አሎይስዮስን አኗኗር ሊገለብጡ ይጥሩ ነበር። ከእንግዲህ የቅዱሳንን የምግባር ፍሬ ወስደው ለራሳቸው ጠባይና ኑሮ በሚስማማ መንገድ ሊኖሩበት ወሰኑ። ያን ጊዜ 21 ዓመታቸው ነበር። ዓለም በኋላ «ደጉ ጳጳስ» ብሎ የወደዳቸው ሰው የማንም ቅጂ አልነበሩም። ራሳቸውን ለማግኘት ግን ስምንት ዓመት የድግግሞሽ ገጽ አስፈልጓቸዋል።

በሀገራችንም ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በሕዝባችን ዘንድ አቡነ ያዕቆብ የተባሉት፣ በ1839 ዓድዋ ከገቡ በኋላ የዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ማስታወሻቸው ዛሬ ለታሪክ ጸሐፊዎች ዋና ምንጭ ነው፤ ለእርሳቸው ግን በማያውቁት ሀገር፣ በማያውቁት ቋንቋ መካከል ያዩትንና የተማሩትን በሥርዓት የሚያኖሩበት ደብተር ነበረ። ብዙ ሥራ የነበረባቸው ሰዎች መጻፋቸውን ስናይ፣ «ጊዜ የለንም» የሚለው ምክንያታችን ይቀልላል።

3. ከራሳችን ደብተር

ይህን የምንናገረው በንባብ ካገኘነው ብቻ አይደለም። ከራሳችን ደብተር አንድ ገጽ ብንገልጥ አንባብያን እንደሚታገሡን እናምናለን።

እናታችን በታመሙባቸው ወራት የማስታመሙ ሥራ በእኛ ላይ ወደቀ። ታናሽ ወንድማችን በሌላ ከተማ ይሠራ ነበር። ሕመሙ ሰባት ወር ቈየ፤ እናታችንም በሰባተኛው ወር ዐረፉ። ወንድማችን ለቀብር ሲመጣ በብርድ ተቀበልነው። ከአርባው በኋላ ስልክ መደወሉን ተውን። ለጠየቀን ሁሉ «እናቱን ሳያስታምም የቀረ ልጅ» እያልን እንናገር ነበር፤ ይህንንም ስንናገር ልባችን ንጹሕ ነበር፤ እውነት ይመስለን ነበርና።

ዓመት አለፈ። በጳጉሜን የዓመቱን ደብተሮች ስናገላብጥ የሕመሙ ወራት ማስታወሻ እጃችን ገባ። በሰባቱ ወራት ውስጥ የወንድማችን ስም ከወቀሳ ጋር 23 ጊዜ ተጽፎ አገኘነው። ማንበባችንን ስንቀጥል ግን በሁለተኛው ወር፣ በገዛ እጃችን ጽሕፈት፣ እንዲህ የሚል አጭር መስመር አየን፦ «ዛሬ ደወለ። ጋሼ፣ ፈቃድ ጠይቄ ልምጣ አለ። አያስፈልግም፣ እኛ እንበቃለን አልነው።» በማግስቱ ደግሞ «የሚያግዘን አንድ ሰው የለም» ብለን ጽፈናል። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና፦ «ገንዘብ ልላክ አለ። ለራስህ ያዘው አልነው።» ሁለቱንም ጊዜ ፈጽመን ረስተነው ነበር። ልባችን ወቀሳውን ሁሉ አስቀምጦ እነዚህን ሁለት መስመሮች ጥሏቸዋል። ምክንያቱንም ለማወቅ ብዙ አልደከምንም፤ ብቻችንን ተሸከምን የመባልን ክብር ከማንም ጋር ልንካፈል አልወደድንም ነበር።

ደብተሩን ይዘን ወደ ወንድማችን ሄድን። አነበበው፤ ብዙ ጊዜም ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ እኔ እኮ እማዬን እንዳላስታምም የከለከልከኝ መስሎኝ ነው የኖርኩት» አለን። እኛ ጥፋተኛ ስናደርገው እርሱ ተነፍጎ አዝኖ ኖሯል። በዚያ ቀን ዕርቅ ወረደ፤ ከእናቱ ጋር ሊያሳልፈው ይችል የነበረውን ጊዜ ግን ልንመልስለት አልቻልንም። ያ ደብተር ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬ ድረስ በንጹሕ ልብ ሐሰት እንናገር ነበር።

4. እንዴት እንጀምር?

ሀ. ጊዜና ቦታ። አዲስ ልምድ የሚጸናው ከቆየ ልምድ ጋር ሲታሰር ነው። ስለዚህ ዘወትር ከምናደርገው አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ከእራት ወይም ከማታ ጸሎት ቀጥሎ እንጻፍ። አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቤቱ ጠባብ ቢሆንና ልጆች ቢንጫጩ በአልጋ ጫፍ ላይ፣ መብራት ቢጠፋ በሻማ ብርሃን ይቻላል።

ለ. መሣሪያ። አንድ ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃሉ። በስልክ የሚጽፉም አሉ፤ ነገር ግን በጻፍን ቍጥር መልእክት የሚያቋርጠን ከሆነ ደብተሩ ይሻላል። እጅ ከሐሳብ ይልቅ ስለሚዘገይ ልብም እንዲረጋጋ ይረዳል።

ሐ. የሚጻፈው ነገር። ምን እንደሚጽፍ የጨነቀው ሰው የቅዱስ ኢግናጥዮስን የኅሊና ምርመራ አምስት ነጥቦች ሊከተል ይችላል። እነርሱም ስለ ተቀበልነው መልካም ነገር ማመስገን፣ ራሳችንን ለማየት ብርሃን መለመን፣ ከተነሣንበት ሰዓት ጀምሮ ቀኑን በየሰዓቱ መመርመር፣ ስለ በደላችን ይቅርታ መጠየቅ፣ ለነገ መወሰን ናቸው። ምስጋናው በመጀመሪያ መምጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጕድለቱን ብቻ የሚቈጥር ሰው እውነቱን በሙሉ አላየምና።

መ. አጻጻፍ። ፍርድ ሳይሆን ድርጊት እንጻፍ። «ዛሬ መጥፎ ቀን ነበር፤ ሰው ሁሉ አስቀየመኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አልጻፈም፤ ከወር በኋላ ሲያነበው የሚያስተምረው ነገር አያገኝም። «ጠዋት በስብሰባ ላይ ስናገር ሊቀመንበሩ አቋረጠኝ፤ ዝም አልኩ። ማታ ልጄ ስለ ትምህርቷ ስትነግረኝ እኔም አቋረጥኳት፤ ጮኽኩባትም» ብሎ የጻፈ ሰው ግን፣ ምንም ትንታኔ ሳይጨምር፣ ቁጣው ከየት ተነሥቶ ማን ላይ እንዳረፈ አይቷል።

ሠ. በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምንጽፈው ነገር ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስላል። ይሉኝታ በደብተሩም ውስጥ ይከተለናልና። አንድ ሰው በትከሻችን ላይ ሆኖ እንደሚያነብ አድርገን ቃላት እንመርጣለን፤ ጥፋታችንን በምክንያት እንሸፍናለን። ይህ ሲሆን ማቆም አይገባም። «ይህን ስጽፍ እውነቱን እየሸፈንኩ ነው» ብሎ መጻፍ ራሱ የመጀመሪያው እውነተኛ መስመር ነው።

ረ. ያመለጡ ቀናት። ሳንጽፍ የቀረንባቸውን ቀናት ወደ ኋላ ተመልሰን ለመሙላት አንሞክር፤ የተረሳን ነገር ስንሞላ ልብ ወለድ እንጽፋለንና። «አራት ቀን አልጻፍኩም» ብለን ከዛሬው እንቀጥል። ምናልባት ያልጻፍንበት ምክንያት ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ብዙ ጊዜ ከደብተሩ የምንሸሸው ልናየው ያልወደድነው ነገር ሲኖር ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል። በመጀመሪያ ለአንድ ወር፣ ማለትም ለ30 ቀናት፣ በየማታው አምስት መስመር ብቻ ለመጻፍ እንወስን።

ሰ. መጻፍ ለማይችሉ። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ሌላም ቀላል ዘዴ ትቶልናል። ሰው ሊያርመው የሚፈልገውን አንድ ጕድለት ይመርጣል፤ ለሰባቱ የሳምንት ቀናት ሰባት ጥንድ መስመሮች ያሰምራል፤ ከዚያም በቀትርና በማታ ራሱን መርምሮ በወደቀበት ቍጥር ልክ ነጥብ ያኖራል። ቀንን ከቀን፣ ሳምንትን ከሳምንት ያስተያያል። ይህን ለማድረግ ፊደል መቍጠር ግድ አይደለም። ፊደል ያልቈጠሩ እናቶቻችንና አባቶቻችንም በከሰል ወይም በእርሳስ ነጥብ ማኖር ይችላሉ፤ ከልጅ ልጆቻቸውም ጋር ማታ ማታ ውሏቸውን ቢነጋገሩ ይህ ያለ ወረቀት የተጻፈ ማስታወሻ ነው።

5. መልሶ ማንበብ

ብዙዎች ይጽፋሉ፤ መልሰው ግን አያነቡም። ይህ ዘርቶ አለማጨድ ነው። የአንድ ቀን ገጽ የሚያሳየን ያን ቀን ብቻ ነው፤ ማንነታችን የሚታየው ከገጽ ወደ ገጽ በሚደጋገመው ነገር ነው። ስለዚህ በየእሑዱ ያለፈውን ሳምንት፣ በየወሩ መጨረሻ ወሩን እናንብብ። ለዓመቱ ደግሞ የዘመን አቆጣጠራችን መልካም ጊዜ ሰጥቶናል፤ የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀናት አሮጌውን ዓመት ለማንበብ፣ ለአዲሱም ለመዘጋጀት የተመቹ ናቸው።

ስናነብ ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ። አንደኛ፣ ደጋግመን የጻፍነው ቃል የትኛው ነው? «ደከመኝ»፣ «አልተመሰገንኩም»፣ «ፈራሁ» የሚሉ ቃላት ስንት ጊዜ እንደ መጡ ብንቈጥር እንገረማለን። ሁለተኛ፣ ደጋግመን የጠቀስነው የማንን ስም ነው? በምንስ ምክንያት? ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ያልጻፍነውስ ምንድን ነው? በአንድ ቤት አብሮን እየኖረ በሦስት ወር ደብተር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተጠቀሰ ሰው ቢኖር፣ ያ ዝምታ ከብዙ ገጽ ይልቅ ይናገራል።

የዘመናችን ምርምርም ይህን ልምድ ተመልክቶታል። በ1986 ጄምስ ፔነቤከርና ሳንድራ ቢል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደርጓል። ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር የሆነውንም የተሰማቸውንም አጣምረው የጻፉት፣ በጻፉበት ዕለት ይበልጥ አዘኑ፤ በተከተሉት ወራት ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ጥቅሙ ለሰው ሁሉ እኩል እንዳልሆነ አሳይተዋል። እንግዲህ መጻፍ ለሁሉ ሕመም መድኃኒት አይደለም፤ የማይናቅ እርዳታ ግን ነው።

6. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

የመጀመሪያው አደጋ የኅሊና ጭንቀት ነው። እያንዳንዱን ሐሳብ እየመዘነ፣ ይቅር የተባለለትን ኃጢአት ደጋግሞ እየጻፈ የሚሠቃይ ሰው ደብተሩን ለጊዜው አስቀምጦ የነፍስ አባቱን ያማክር። እንደዚሁም መጻፉ ሐዘኑን የሚያብስበት፣ እንቅልፍ የሚነሣው ወይም ሕይወቱን የሚያስጠላው ሰው ነገሩን ለብቻው አይያዘው፤ ለሚያምነው ሰው ይንገር፣ ሐኪምም ዘንድ ይሂድ።

ሁለተኛው በራስ መጠመድ ነው። ስለ ራሱ ብቻ የሚጽፍ ሰው በመስታወት ፊት ሲቆም እንደሚውል ሰው ነው። ደብተሩ ወደ ሌላ ሰው የሚያደርሰን መንገድ ይሁን እንጂ የምንደበቅበት ጓዳ አይሁን። በጽሑፍ ይቅርታ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ተነሥቶ ወደ ተበደለው ሰው መሄድ ሌላ ነው። እንዲሁም ደብተሩ ምሥጢረ ንስሐን ለመቀበል ያዘጋጃል እንጂ አይተካውም።

ሦስተኛው የሰው ምሥጢር ነው። ሌላው ሰው አምኖ የነገረንን ገመና በስም አንጻፍ፤ ደብተር ይጠፋል፣ በሌላ እጅም ይገባል። በትዳር ያሉም የባልን ወይም የሚስትን ደብተር ሳይፈቀድላቸው አይክፈቱ። ልጅ የሚጽፈውን ማስታወሻ በስውር የሚያነብ ወላጅ ልጁን እውነት መጻፍ ሳይሆን መደበቅ ያስተምረዋል።

ውድ አንባብያን፤ በየማታው የምንጽፋቸው መስመሮች አብዛኞቹ ተራ ነገር ናቸው። የገበያ ዋጋ፣ የልጅ ሳል፣ የሥራ ድካም፣ ያልተከፈለ ዕዳ። ወጣቱ አንጄሎ ሮንካሊም ለስምንት ዓመት ያንኑ ጕድለት እየደጋገሙ ሲጽፉ ወዴት እንደሚያደርሳቸው አላወቁም ነበር። እኛም «የሚያግዘን አንድ ሰው የለም» ብለን በጻፍንበት ማታ፣ ያ ደብተር አንድ ቀን ወንድማችንን እንደሚመልስልን አላወቅንም። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ደብተር ከፍተን ዕለቱን እንጻፍ፤ ከዚያም የሆነውን እንደ ሆነ፣ አንድ ነገር ሳንጨምርበት፣ እናስፍር።

ለግልና ለቡድን የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ባለፈው ሳምንት ካስቈጡን ነገሮች መካከል አንዱን በፍርድ ሳይሆን በድርጊት ብቻ መናገር እንችላለን?

ለ. ለሌሎች ደጋግመን የምንናገረው የበደል ታሪክ አለን? የዚያን ጊዜ ጽሑፍ፣ ደብዳቤ ወይም ምስክር ቢገኝ ታሪኩ እንደምንናገረው ይሆን ነበር?

ሐ. ይሉኝታ በጎ ሆኖ የጠበቀን፣ እውነትን እንዳናይም የከለከለን መቼ መቼ ነው?

መ. በ30 ቀናት ውስጥ ለመጻፍ የትኛውን ሰዓት እንመድባለን? ከየትኛውስ ልምዳችን ጋር እናስረዋለን?